ከፒችትሪ ወደ ኦዱ፦ የድርጅትን ዳታ ሳያጎድሉ ማሻገር (አንድ ጥያቄ፣ 25 ምላሽ)

እዚህ የማጠቃልለውን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት (ክር) የከፈቱት አንዲት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ድርጅታቸው የግንባታ ዕቃ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ ሁለት መጋዘንና አንድ መሸጫ አለው። ሂሳቡ ፒችትሪ በተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ስቶኩ በኤክሴልና በቢን ካርድ (የመጋዘን የገቢና ወጪ ካርድ) ሲያዝ ኖሯል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሁሉም ሂሳብንና ስቶክን በአንድ ላይ ወደሚይዘው ወደ ኦዱ ሶፍትዌር እንዲገባ ተወስኗል፤ ሶፍትዌሩን የሚተክለው ድርጅትም ያለፈውን አምስት ዓመት ግብይት በሙሉ አስገባለሁ ብሏል። ኃላፊዋ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። የአምስት ዓመቱ ሁሉ መግባት አለበት ወይ? ዳታው ከተሻገረ በኋላስ ምንም አለመጉደሉ በምን ይታወቃል? ክሩን ያጋለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ፍሬ ያለው መልስ ያገኘው ግን ሁለተኛው ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ምላሽ 1 በረጋ አነጋገር ይጀምራል። መሻገር ያለበት ሦስት ነገር ብቻ ነው ባይ ነው፦ የጸዳ የደንበኛ፣ የአቅራቢና የዕቃ ዝርዝር፣ እስከ ሰኔ 30 ያልተዘጋ (ተከፍሎ ያላለቀ) ደረሰኝ ሁሉ፣ እና የእያንዳንዱ ሂሳብ መነሻ ቀሪ። ያለፈው ግብይት እዚያው ፒችትሪ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለማየት እንጂ ለመመዝገብ ክፍት አይሁን። የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ሰነድ ለዓመታት እንዲጠበቅ ያዛል እንጂ አዲስ በተገዛ ሶፍትዌር ውስጥ እንዲገለበጥ አያዝም። ምላሽ 2 ይስማማና አንድ ነገር ይጨምራል፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ወርሃዊ ሽያጭ በመጠን ብቻ በአንድ ሠንጠረዥ ይውጣ፣ የግዢ ሠራተኛው ስንት ማዘዝ እንዳለበት የሚያየው ከዚያ ነውና።

ለምላሽ 3 ይህ አልተዋጠለትም። ደንበኛ ያምና ዋጋውን ጠቅሶ ሲከራከር የሽያጭ ሠራተኛው ሌላ ኮምፒውተር ዘንድ ሄዶ ፒችትሪ ሊከፍት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ምላሽ 4 ጠንከር ብሎ መጣ። ስቶክ በአማካይ ዋጋ በሚሰላበት ሲስተም የአምስት ዓመት ግብይት ሲጫን እያንዳንዱ ግዢና ሽያጭ በቀኑ ቅደም ተከተል መግባት ይኖርበታል። መሃል ላይ አንድ የግዢ ሰነድ ከተዘለለ ወይም ቀኑ ከተዛነፈ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽያጭ ሁሉ ወጪው ይለወጣል። ኦዲተር የፈረመበት የዓመት ትርፍ በአዲሱ ሲስተም ሌላ ቁጥር ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ለሰው ምክር ባይሰጥ ይሻላል የሚል ቃልም አክሎበታል። ያ ቃል ባይኖር ክርክሩ ባጠረ ነበር፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ሦስተኛው ጸሐፊም በምላሽ 10 ተመልሶ ሐሳቡን አጠበበ፤ የአንድ ዓመት የሽያጭ ደረሰኝ ከሌጀሩ (ከዋናው የሂሳብ መዝገብ) ውጭ፣ ለማንበብ ብቻ በዝርዝር ቢገባ ይበቃል አለ። ማንም አልተቃወመውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የገባው ምላሽ 5 ነው። ከፒችትሪ አንድ ፋይል እንኳ ከመውጣቱ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ ባክአፑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ኢንተግሪቲ ቼክ የሚባለው ምርመራ ይሂድበት፤ ዳታው የሚወጣውም ከዚያ ቅጂ ይሁን። ቀጥሎ አንድ የመቆጣጠሪያ ወረቀት ይዘጋጃል። የሚሰፍሩበት ቁጥሮች የደንበኛና የአቅራቢ ብዛት፣ ያልተዘጋ ደረሰኝ ብዛትና ድምር፣ የዕቃ ዓይነት ብዛት፣ በየመጋዘኑ ያለው መጠን፣ የስቶክ ዋጋ፣ የትራያል ባላንሱ (የሁሉም ሂሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ዴቢትና ክሬዲት ናቸው። የቲን ቁጥሮች ሁሉ እንደ ተራ ቁጥር ተደምረው ድምራቸው ይጻፍ፤ የደረሰኝ ቁጥሮችም እንዲሁ። ድምሩ በራሱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሆኖም በመንገድ ላይ አንድ አሃዝ ከተለወጠ ወይም አንድ መስመር ከጠፋ ከአዲሱ ሲስተም ድምር ጋር አይገጥምም። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው የሂሳብ ሰው እንጂ ዳታውን የሚጭነው ቴክኒሻን አይሁን። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔ ቀዳሚ የማደርገው ይህንን ነው።

ምላሽ 6 ከዚያ በፊት የሚደረግ ነገር አለ ብሎ አረመ። እዚያው ፒችትሪ ውስጥ የደንበኞች ዕዳ ዝርዝር ድምር ሌጀሩ ላይ ካለው ተሰብሳቢ ሂሳብ ጋር መግጠሙ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ምክንያቱ አንድ ሰው በጆርናል (በእጅ በሚሠራ የሂሳብ ምዝገባ) ቀጥታ ተሰብሳቢ ሂሳቡን ነክቶ የደንበኛውን ካርድ ሳይነካ ማለፉ ነው። ልዩነቱ ከመሻገሩ በፊት ካልተፈታ አዲሱ ሲስተም ላይ ማንም አይፈታውም።

ምላሽ 7 ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን አነሳ። ፒችትሪ በደንበኛ መለያ ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደተለያየ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንዱ በትልቅ ሌላው በትንሽ ፊደል የተጻፈ ተመሳሳይ መለያ ሁለት ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ኤክሴል ላይ ግን ቪሉክአፕ የሚባለው የመፈለጊያ ቀመር ልዩነቱን አያይም፤ ለሁለቱም የመጀመሪያውን ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ ያመጣል። ድምሩ ሳይገጥም ቀርቶ ምክንያቱ ሲፈለግ ቀናት የሚበላው ይህ ነው። መፍትሔው ከመውጣቱ በፊት ለሁሉም አዲስ፣ ቁጥር ብቻ የሆነ መለያ መስጠትና አሮጌውን በአጠገቡ ባለ ዓምድ ማቆየት ነው። አዲሱ መለያ በኦዱ የውጭ መለያ ዓምድ ይገባል፤ ያ ዓምድ ካለ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ቢጫን ያለውን ያድሳል እንጂ ሁለተኛ ደንበኛ አይፈጥርም።

ምላሽ 8 ስለ ኤክሴል ያለው አጭርና ጥርት ያለ ነው። በዜሮ የሚጀምር ቲን ዜሮዎቹ ይረግፋሉ፤ ከአሥር አሃዝ ያነሰ ቲን ካያችሁ ይህ ደርሶበታል። ባለ 13 አሃዝ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ዓምዱ ላይ አጥሮ፣ ነጥብና ኢ ገብቶበት ይታያል፤ እንደዚያ እያለ ወደ ሲኤስቪ (ዳታው በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ከተቀመጠ የኋለኞቹ አሃዞች ጠፉ ማለት ነው። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በቁጥርነት አይይዝም፤ የ16 አሃዝ መለያ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ በማውዝ ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ አይከፈት፤ በዳታ ማስገቢያው በኩል ይግባና እነዚህ ዓምዶች ገና ሲገቡ ጽሑፍ ተብለው ይሰየሙ። ሲቀመጥም ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይቀመጥ፤ በተራው ሲኤስቪ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የአማርኛው ነገር ክሩን ወደ ጎን ወሰደው። ምላሽ 9 እንደሚያስረዳው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ይቀራል። ወደ ዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደላት የጋራ ወደሆነው ኮድ) ሲለወጥ ደግሞ በአንዳንዶቹ ፎንቶች አንድ ፊደል ከሁለት ኮድ የተገጣጠመ ስለሆነ አንድ በአንድ መተካት አይበቃም፤ መጀመሪያ ጥንዶቹ፣ ከዚያ ነጠላዎቹ ይተኩ። ምላሽ 11 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሥሪት 3.0 መሆኑን አስታወሰ፤ ምላሽ 12 ደግሞ የየትኛው ፎንት አጣጣል ይሻላል ወደሚል ክርክር ገባ። ምላሽ 12 ግን በመካከሉ ጠቃሚ ነገር ጥሎ አልፏል፤ በዩኒኮድም ቢሆን አንድ ደንበኛ በኃይለማርያም፣ በኃ/ማርያምና በሀይለማርያም ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። ስሙን ሳይነኩ በአጠገቡ ረዳት ዓምድ ይከፈት፤ እዚያ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፤ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ኃ/የተ/የግ/ማ የሚሉት ይውጡ፤ ከዚያ ይነጻጸር። የመጨረሻው ዳኛ ቲኑ ነው። ቲን ከሌለ ሁለቱን ስም ማዋሃድ የሚችለው ደንበኛውን የሚያውቀው የሽያጭ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ምላሽ 13 ስለ ቀን ነው። የመጋዘን ሰዎች በኤክሴል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጽፉ ቆይተዋል፤ ኤክሴል ግን ይህንን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016 በ30/02/2016 ሲጻፍ የካቲት ወር በጎርጎርዮሳዊው 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግነቱ ይታያል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 በ05/13/2016 ሲጻፍ ግን አሜሪካዊ ቅንብር ባለው ኮምፒውተር ሜይ 13 ቀን 2016 ተብሎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነበር። ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ ይለያዩና በመለወጫ ፕሮግራም ይለወጡ፤ ዓመቱ በቅድሚያ፣ ወሩ በመካከል፣ ቀኑ በመጨረሻ ተጽፎ ይጫን። ኦዱ ላይ የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ጁላይ 7 ይደረግ። የቫት ሪፖርትም በጎርጎርዮሳዊ ወር ሳይሆን ለሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ተብሎ ይውጣ።

ከሁሉ የረዘመው ምላሽ 14 የመነሻ ቀሪን አገባብ ይዘረዝራል። አንድ ጊዜያዊ ማሸጋገሪያ ሂሳብ ይከፈት። በሰኔ 30 ቀን በሚገባው የመነሻ ጆርናል ላይ ባንኩ፣ ካፒታሉ፣ ብድሩ በየስማቸው ይገባሉ፤ ተሰብሳቢው፣ ተከፋዩና ስቶኩ ግን በማሸጋገሪያው ሂሳብ ላይ ያርፋሉ። ተሰብሳቢው 8,450,000 ብር ከሆነ ያ ገንዘብ ማሸጋገሪያውን ዴቢት ያደርጋል። ከዚያ ያልተዘጉት ደረሰኞች አንድ በአንድ ሲጫኑ እያንዳንዳቸው ደንበኛውን ዴቢት፣ ማሸጋገሪያውን ክሬዲት ያደርጋሉ። ሽያጭ ሂሳብን አይንኩ፤ ሽያጩ በአሮጌው ተመዝግቧል። ቫትም አይያያዝባቸው፤ አንዴ የተገለጸ ቫት ሁለተኛ ሪፖርት ላይ ይወጣልና። የደረሰኙ ቀን ሰኔ 30 ይሁን፤ የመክፈያው ቀን ግን የድሮው ይቀመጥ፤ የዕዳ ዕድሜ ሪፖርቱ የሚቆጥረው ከመክፈያው ቀን ነው። የድሮው የደረሰኝ ቁጥር ማጣቀሻው ዓምድ ላይ ይግባ። ሁሉም ሲያልቅ ማሸጋገሪያው ዜሮ መሆን አለበት። 115,000 ዴቢት ከቀረ የ115,000 ደረሰኝ ወይም ድምራቸው ያን የሚያህል ደረሰኞች አልገቡም ማለት ነው። ዜሮ ሳይሆን ሥራ ከተጀመረ ያ ቀሪ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል።

ምላሽ 15 አንድ ጎዶሎ አገኘ። የስቶክ ዋጋ በራሱ እንዲመዘገብ ተደርጎ ከሆነ፣ መጠኑ ሲጫን ሲስተሙ የራሱን ጆርናል ይሠራል። ስቶኩ በመነሻ ጆርናሉም ከገባ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ስለዚህ በጭነቱ ወቅት የስቶክ ማስተካከያው ተቃራኒ ሂሳብ ማሸጋገሪያው ሂሳብ ይሁን፤ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ። የዕቃው ወጪ ዋጋ ከመጠኑ ቀድሞ ይግባ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዕቃው በዜሮ ዋጋ ይገባና የመጀመሪያው ወር ትርፍ ከሚገባው በላይ ያብጣል። ምላሽ 14ን የጻፉት አመስግነው ተቀበሉት።

ምላሽ 16 የአስመጪነቱን ጉዳይ አነሳ። በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ በአንድ ድምር አይግባ፤ በየኤልሲው (ለግዢው በባንክ የተከፈተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ቁጥር ይለያይ፤ አለበለዚያ የጉምሩክና የትራንስፖርት ወጪ ሲመጣ የትኛው ጭነት ላይ እንደሚጨመር አይታወቅም። ለውጭ አቅራቢ ያለ ዕዳ በዶላሩም በሰኔ 30 ምንዛሪ በተሰላው ብርም ይግባ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በ57 ብር ገደማ የተመዘገበና እስካሁን ያልተከፈለ ዕዳ በድሮው ብር ከተሻገረ፣ የምንዛሪ ኪሳራው ክፍያው የተፈጸመበት ወር ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል።

ምላሽ 17 ጥቃቅን ቀሪዎችን የሚያሳዩ ደንበኞች ሲመረመሩ ምን እንደሚገኝ ነገረን። የ100,000 ብር ሽያጭ ከቫቱ ጋር 115,000 ነው፤ ደንበኛው በቀድሞው 2 በመቶ ተመን 2,000 ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) ቀንሶ 113,000 ከፈለ፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ግን አልተሰበሰበም ወይም አልተመዘገበም። ስለዚህ 2,000 ብር ዕዳ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ይህ ገንዘብ ከደንበኛው የሚጠየቅ አይደለም፤ ደረሰኙ ነው የሚጠየቀው። ከመሻገሩ በፊት ቀሪውን ከቫት በፊት ላለው ዋጋ ማካፈልና ልክ 0.02 የሚሆኑትን ለይቶ ማሳደድ ነው።

ምላሽ 18 ለግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሁሉ መነበብ ያለበት ይመስለኛል። ፌሮ ብረት በኪሎ ይገዛል፣ በቤርጋ ይሸጣል። የ12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሆነ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው፤ የ8 ሚሊው በሜትር 0.395 ነውና ወደ 4.74 ይወርዳል። በብዙዎቹ የኦዱ ሥሪቶች ክብደትን ወደ ነጠላ ቁጥር መለወጥ አይፈቀድም፤ ሁለቱ በተለያየ የመለኪያ ምድብ ውስጥ ናቸው። ለእያንዳንዱ ውፍረት የራሱ ምድብ ከፍቶ ቤርጋንና ኪሎን በዚያ ውስጥ ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ግብይት ከገባ በኋላ አይለወጥም። ቆጠራው ላይም መለኪያው በግልጽ ይጻፍ፤ አንዱ መጋዘን ምስማር በካርቶን፣ ሌላው በኪሎ ቆጥሮ ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ የሚወጣው ድምር ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ምላሽ 19 ይህ ሁሉ ለሂሳብ ሠራተኛ ከባድ ስለሆነ ባክአፑን ለተካዩ ድርጅት በቴሌግራም ልኮ ጣጣውን ለእሱ መተው እንደሚሻል ጻፈ። ምላሽ 20 በቁጣ ነው የመለሰው። ያ ፋይል የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የደንበኛውን ስልክ፣ የአቅራቢውን ዋጋ፣ የባንኩን ሂሳብ የያዘ ነው፤ አንዴ ከተላከ በስንት ስልክና ላፕቶፕ ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የድርጅቱ ኃላፊነት ነው። ከቁጣው በኋላ ግን የሠራ ሰው ምክር ሰጠ። ፋይሉ በሰቨን-ዚፕ ፕሮግራም በኤኢኤስ-256 ምስጠራ ይቆለፍ፤ የይለፍ ቃሉ በሌላ መንገድ፣ በስልክ በቃል ይነገር፤ ከተቀበሉ በኋላ የሁለቱ ወገን የኤስኤችኤ-256 ውጤት (ፋይሉ በመንገድ ከተለወጠ የሚለወጥ መለያ) ይመሳከር። ለልምምድ በሚሠራበት ቅጂ ላይ ደመወዙ በሐሰት ቁጥር ይተካ። የኢሜይል መላኪያውም ይጥፋ፤ ሳይጠፋ ቀርቶ የልምምዱ ሲስተም ለእውነተኛ ደንበኞች የዕዳ ማስታወሻ የላከበት ድርጅት አለ። ተካዩን በተመለከተም፣ የትኛው ደንበኛ የትኛው እንደሆነ እሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ጽዳቱን ለእሱ መተው ስህተቱን በክፍያ መግዛት ነው አለ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ፤ አነጋገሩ ግን ለስለስ ቢል ምላሽ 19 ተመልሶ በጠየቀ ነበር።

ምላሽ 21 ነገሩን ወደ እንግሊዝ አሻገረው። ቲኤስቢ ባንክ በኤፕሪል 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ከሂሳቡ ውጭ ተቆልፎበት ነበር፤ በዲሴምበር 2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ምላሽ 22 ባንክና የፌሮ ነጋዴ አይነጻጸሩም ብሎ ሊተወው ነበር፤ ሆኖም ራሱ ዋናውን ነጥብ አወጣ። እዚያ ዳታው በትክክል ተሻግሮ ነበር፤ የወደቀው መድረኩ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ገጠመ ብሎ ማረፍ አይገባም፤ ከሰኔ 30 በፊት መሸጫውና ሁለቱ መጋዘኖች በየራሳቸው ኢንተርኔት በአንድ ሰዓት እኩል ገብተው ደረሰኝ ይቁረጡ፣ ዕቃ ያውጡ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆንም በዚያው ይታይ።

ምላሽ 23 የመሸጋገሪያውን ቀን አሰላለፍ ሰጠ። በቅድሚያ ሁለት ሙሉ ልምምድ ይደረግ፤ ሁለተኛው በሰዓት ተለክቶ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር እንዲያያዝ ፈቃድና የአገልግሎት ሰጪው ሥራ ስለሚያስፈልግ ጥያቄው ከወራት በፊት ይግባ። ሰኔ 30 ከሰዓት ሽያጭ ይቆማል፤ የመጨረሻው የዜድ ሪፖርት (የመሣሪያው የቀን መዝጊያ) ቁጥርና ድምሩ ከፒችትሪ የቀኑ ሽያጭ ጋር ይመሳከራል፤ ኦዲተሩ ባለበት ቆጠራው ይካሄዳል። ጭነቱ ከ500 እስከ 1,000 መስመር እየተከፋፈለ፣ ሰርቨሩ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሆኖ ይሂድ። የመመለሻው ገደብ የመጀመሪያው እውነተኛ ደረሰኝ በኦዱ ከመቆረጡ በፊት ነው፤ የመቆጣጠሪያው ወረቀት እስከዚያ ካልተፈረመ በፒችትሪ ይቀጠል። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ለአንድ ወር ማስኬድ ሠራተኛውን ስለሚያደክም እና ሁለቱም በግማሽ ስለሚመዘገቡ አልመከረም፤ በምትኩ ጥሬ ገንዘቡ፣ ባንኩና ተሰብሳቢው በየማታው ይመሳከሩ።

በምላሽ 24 ጠያቂዋ ተመለሱ። የአምስት ዓመቱን ሐሳብ ትተውታል፤ የአንድ ዓመት የደረሰኝ ዝርዝር ብቻ ይገባል፤ የደንበኞቹ ጽዳት በሽያጭ ክፍሉ ተጀምሯል። አንድ ጥያቄ ቀርቷቸዋል፤ የዓመቱ የግብር ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስለሚቆይ ኦዲተሩ እስከዚያ የሚያመጣቸው ማስተካከያዎች የት ይግቡ? ምላሽ 25 አጭር ነው። ለኦዲት ማስተካከያ ብቻ የተለየ ጆርናል ይከፈት፣ ቀኑ ሰኔ 30 ይሁን፣ እያንዳንዱ በፒችትሪም በኦዱም በአንድ ቁጥር ይመዝገብ፤ እስከዚያ ያለፈው የሂሳብ ዓመት ለተራ ሠራተኛ ይቆለፍና ለኃላፊዋ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ኦዲተሩ ከፈረመ በኋላ ለሁሉም ይቆለፍ።